ለአዳማ ዳገት የሚስማማው የትኛው ቶርክ ኮንቨርተር ነው?

ከመተሐራ ወደ አዳማ የሚጓዝ አውቶሞቢል ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ሞቃት ሜዳ ተነሥቶ ወደ 1,600 ሜትር ይወጣል፤ በሞጆና በቢሾፍቱ አድርጎ አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ 2,300 ሜትር ይደርሳል። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ በዚህ ዳገት ላይ ሳይታይ የሚደክመው ክፍል ቶርክ ኮንቨርተር ነው። ይህ ክፍል የተበላሸበት ባለመኪና ‹‹የቀድሞውን ዓይነት ልተካ ወይስ መኪናውን ቶሎ የሚያስነሣ ሌላ ልፈልግ?›› ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ከፊዚክስ እንፈልግ።

ቶርክ ኮንቨርተር በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ሆኖ የፍሪሲዮንን ቦታ የሚተካ፣ በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፎቲንገር በ1905 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ያስመዘገበው ለመኪና ሳይሆን ለመርከብ ነበር። ሞተሩ የሚያሽከረክረው ፓምፕ ዘይቱን ወደ ተርባይኑ ክንፎች ይወረውራል፤ ተርባይኑም የካምቢዮውን ዘንግ ያዞራል። በመካከላቸው ያለው ስታተር የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ እየለወጠ ፓምፑን እንዲያግዝ ስለሚያደርገው፣ መኪናው ሲነሣ የመጠምዘዝ ኃይሉ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ሆኖም ፓምፑ ተርባይኑን በቀደመ ቁጥር የሞተሩ ጉልበት ከፊሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

መኪናው በፍሬን ተይዞ ነዳጅ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ሞተሩ የሚደርስበት ዙር ‹‹ስቶል›› ይባላል። ብዙዎች ይህን የኮንቨርተሩ ቋሚ ጠባይ አድርገው ይወስዱታል፤ አይደለም። ፓምፑ የሚቀበለው የመጠምዘዝ ኃይል ከዙሩ ካሬ ጋር ያድጋል። አዳማ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ ስድስተኛ ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ኃይሉ በዚያው ልክ ቢቀንስ፣ በባሕር ዳርቻ በደቂቃ 2,200 የነበረው ስቶል አዳማ ላይ 2,000፣ አዲስ አበባ ላይ 1,900 ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

ታዲያ ስቶሉን ከፍ የሚያደርግ፣ አነስ ያለ ኮንቨርተር አይሻልም? ፓምፑ የሚቀበለው ኃይል ከዲያሜትሩ ጋር የሚያድገው በአምስተኛ ርቢ ነው። ስለዚህ ዲያሜትሩ 10 በመቶ ብቻ ቢያንስ ስቶሉ ወደ 30 በመቶ ይጨምራል፤ 2,000 የነበረው 2,600 ይሆናል። መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ቀልጠፍ ይላል፤ በረጅሙ ዳገት ላይ ግን መንሸራተቱ ይበዛል፣ ዘይቱም ይግላል። የጎደለው አየር ነው፤ ኮንቨርተር ደግሞ አየር አይጨምርም። ከፍተኛ ስቶል የሚስማማው ኃይሉን በከፍተኛ ዙር ለሚያወጣ የውድድር ሞተር ነው።

በእኛ አስተያየት ለቤት አውቶሞቢል ፋብሪካው የመረጠው ዲያሜትር ይበልጣል። ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ዕቃ የሚፈልግ ሰው በብሎን ቀዳዳዎቹ መግጠም ብቻ አይርካ፤ የካምቢዮውን መለያ ቁጥር ይዞ ያመሳክር። በአዳማው ፈጣን መንገድ ሜዳ ላይ ፓምፑንና ተርባይኑን አንድ አድርጎ መንሸራተትን የሚያስቀረው መቆለፊያም መኖር አለበት። አሮጌው ኮንቨርተር ሲወጣ ዘይቱ ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው፣ አዲሱ ከመታሰሩ በፊት የዘይት ማቀዝቀዣው ቱቦዎች ይታጠቡ፤ በውስጣቸው የቀረው ብናኝ ወደ አዲሱ ሊገባ ይችላልና።