የጨርጨር መቃብሮችና የአጥንት ምስክርነት

የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ከሂርና፣ ከበዴሳና ከገለምሶ ጋር የምትጋራው የጨርጨር ተራራማ አገር ዛሬ በቡናው፣ በጫቱና በማሽላው የሚታወቅ ቢሆንም፣ በአርኪዮሎጂ፣ ማለትም የጥንት ሰዎችን ሕይወት ትተዋቸው ከሄዱት ቁሳዊ ቅሪቶች በሚመረምረው የዕውቀት ዘርፍ ዘንድ ለአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ስሙ ሲነሣ የኖረው በመቃብሮቹ ነው። በኮረብታ ጫፍና በእርሻ ማሳ መካከል የሚታዩትን እነዚህን መቃብሮች የአካባቢው የኦሮሞ ማኅበረሰብ ‹‹ዸጋ ቱሊ››፣ ማለትም የድንጋይ ክምር ይላቸዋል። ስለ እነርሱ አብዝቶ የሚጠየቀው ጥያቄ ‹‹የማን ናቸው?›› የሚለው ሲሆን፣ በውስጣቸው ያረፈው አጽም ግን በተሻለ እርግጠኝነት የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሰዎቹ ምን በልተው፣ ምን ሠርተው፣ በምን ታመውና በማን ተደግፈው እንደኖሩ ነው።

ሁለት ዓይነት መቃብር፣ ሁለት ዘመን

የጨርጨር መቃብሮች በሁለት ዐበይት ዓይነቶች ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ዶልመን የሚባለው ሲሆን፣ በቁም በተተከሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ታጥሮ በአንድ ሰፊ ድንጋይ የተከደነ ትንሽ የመቃብር ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ቱሙለስ ይባላል፤ ይህም ያለ ጭቃ በተካበ ድንጋይ የተሠራ ክፍል በውስጡ ይዞ ከላይ በድንጋይ ቁልል የተሸፈነ መቃብር ነው። ፈረንሳዊው የካፑቺን ማኅበር ካህን አባ አዛይስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሐረርጌን ጨምሮ በበርካታ የኢትዮጵያ ክፍሎች ተዘዋውረው እንዲህ ያሉ ጥንታዊ ሐውልቶችንና መቃብሮችን የመዘገቡ ሲሆን፣ ሻምባር ከተባሉ ባልደረባቸው ጋር ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1931 ታትሟል። ከእርሳቸው በኋላ ሮዤ ዡሶም የተባሉት ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጨርጨርና በአካባቢው ባካሄዱት ቁፋሮ ዶልመኖቹ ወደ ሁለተኛው ሺህ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሚጠጉ፣ ቱሙለሶቹ ግን ከ8ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ መሆናቸው ታውቋል።

በሁለቱ መካከል ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት የሚበልጥ ርቀት ስላለ፣ የጨርጨርን መቃብሮች ሁሉ በአንድ ሕዝብ ስም መጥራት ገና ከመነሻው ስሕተት ላይ ይጥላል። ቱሙለሶቹ የተሠሩበት ዘመን ደግሞ በሰሜን ሸዋ በመንዝና በአካባቢው የሻይ ባህል ተብሎ የሚጠራው፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የሚቆጠር የመቃብር ሥርዓት ከነበረበት ዘመን ጋር በከፊል ይገጣጠማል። በዚያም ሙታን ከዶቃና ከጌጣጌጥ ጋር በድንጋይ ክምር ሥር ይቀበሩ ስለነበር፣ የጨርጨር ጉዳይ ከአንድ ዞን ታሪክነት አልፎ የመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ታሪክ አካል ነው።

በቱሙለሶቹ ውስጥ የበርካታ ሰዎች አጽም በአንድነት መገኘቱ ለአጥኚው የመጀመሪያውን ፈተና ያቀርብለታል። አጥንቶቹ ተደባልቀው ሲገኙ የሙታኑ ቁጥር የሚታወቀው በሰው አካል ውስጥ አንድ ብቻ የሆነን አጥንት፣ ለምሳሌ የቀኝ እግርን የጭን አጥንት በመቁጠር ሲሆን፣ የሚገኘውም ድምር የሙታኑ ዝቅተኛ ቁጥር ይባላል። የእጅና የእግር ጣቶች ጥቃቅን አጥንቶች በቦታው ካሉ አስከሬኑ እዚያው እንደተቀበረ ይገመታል፤ ረጃጅሞቹ አጥንቶችና የራስ ቅሎቹ ብቻ ከተገኙ ግን አጽሙ ከሌላ ስፍራ ፈልሶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም የመቃብሩን ድንጋይ ገልብጦ ዶቃውን የሚወስድ ሰው ያንን ዶቃ ማን አድርጎት እንደነበርና ሰዎቹ ሙታናቸውን በምን ሥርዓት ያሰናብቱ እንደነበር የሚገልጸውን ማስረጃ እስከ ወዲያኛው ያጠፋል።

የግዙፎቹ ትርክት በአጥንት ሲፈተሽ

በሐረርጌ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነገር በኖረው ትርክት መሠረት ጥንታዊዎቹ የድንጋይ ፍርስራሾችና መቃብሮች ሐርላ የሚባሉ፣ በቁመታቸው ግዙፍ፣ በሀብታቸውም ታላቅ የነበሩ ሰዎች ሥራዎች ሲሆኑ፣ እነርሱም በትዕቢታቸው ምክንያት በረሃብ ተቀጥተው ጠፍተዋል። ይህን ትርክት እንደ ተረት ብቻ ቆጥሮ መናቅ ተገቢ አይደለም፤ የአካባቢው ሰው በምድሩ ላይ የነበረ ሌላ ሥልጣኔ መኖሩን ሳይረሳ ጠብቆ ያቆየው በእርሱ ነውና።

በድሬዳዋ አቅራቢያ በምትገኘውና ሐርላ ተብላ በምትጠራው ስፍራ በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር ያካሄደው ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሲደረግ፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የእስልምና ሥርዓት የተከተሉ መቃብሮች፣ እንዲሁም ከሩቅ አገር በንግድ የመጡ የብርጭቆ ዕቃዎችና ዶቃዎች መገኘታቸው ተገልጿል። ከመቃብሮቹ የወጡት አጽሞች ተራ ቁመት ያላቸው ሰዎች መሆናቸውም ታውቋል። የአንድ ሰው ቁመት ከጭን አጥንቱ ርዝመት ተነሥቶ በጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ልዩነት ሊገመት ስለሚችል፣ ለትውልዶች ሲነገር የኖረው የግዙፍነት ጉዳይ በዚህ መንገድ ቁርጥ ያለ መልስ አገኘ። አጥንቱ የሐርላን ሰዎች ክብር አልቀነሰም፤ ታላላቆቹን ድንጋዮች ያነሡት እንደ ዛሬው ሐረርጌ ገበሬ ያሉ ሰዎች በኅብረትና በሙያ መሆኑን በማሳየት ሥራቸውን የበለጠ የሚደነቅ አደረገው።

ዕድሜ፣ ሥራና ሕመም

የሰው አጥንት እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ ራሱን የሚያድስ ሕያው አካል በመሆኑ የኑሮው ጫና ይመዘገብበታል። የሕፃናትና የታዳጊዎች ዕድሜ ከጥርሳቸው አበቃቀልና ከረጃጅም አጥንቶቻቸው ጫፍ መጋጠም በትክክል የሚታወቅ ሲሆን፣ ደረትን ከትከሻ ጋር የሚያያይዘው አጥንት የውስጠኛ ጫፉ የሚገጥመው በሃያዎቹ ዕድሜ መጨረሻ አካባቢ በመሆኑ የወጣቱን ዕድሜ ለመለየት ይረዳል። የአዋቂዎች ዕድሜ ግን ከዚያ በኋላ በሰፊ ግምት ብቻ ነው የሚገለጸው። ጾታን ለመለየት ከሁሉ የሚታመነው ለወሊድ በተመቸ ቅርጹ የሚለየው የዳሌ አጥንት ነው።

ጡንቻ ከአጥንት ጋር የሚያያዝባቸው ስፍራዎች፣ የመገጣጠሚያዎች መበላትና የአከርካሪ አጥንቶች ጉዳት የብዙ ዘመን የጉልበት ሥራን ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ሆኖም ዕድሜና ተፈጥሮም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚተዉ ጠንቃቃ አጥኚ ከመገጣጠሚያ ጉዳት ተነሥቶ ‹‹ይህ ሰው ገበሬ ነበር›› ብሎ አይደመድምም። የተሰበረና በደንብ የገጠመ የእግር አጥንት ግን ከሕመም በላይ የሚናገረው ነገር አለ፤ መራመድ ያልቻለ ሰው ለሳምንታት ውኃና ምግብ ካልቀረበለት በቀር ሊድን ስለማይችል፣ የገጠመው አጥንት የጎረቤትና የቤተሰብ እንክብካቤ ማስረጃ ነው። አከርካሪን የሚያጎብጠው የቲቢ በሽታ ዓይነትም፣ በስምጥ ሸለቆ ውኃ ውስጥ ባለው ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን የሚመጣው የጥርስ መበለዝም በአጽም ላይ ይታያሉ።

የምግብና የትውልድ ስፍራ ፊርማ

በዓይን የማይታየው ማስረጃ የሚገኘው ከአይሶቶፕ፣ ማለትም ከአንድ ንጥረ ነገር በክብደት ብቻ ከሚለያዩ ዓይነቶች ልኬት ነው። ማሽላና ጤፍ የአየሩን ካርቦን የሚጠቀሙበት መንገድ ከስንዴና ከገብስ የተለየ በመሆኑ፣ ልዩነቱ ምግቡን በበላው ሰው አጥንት ውስጥ ይቀራል፤ የናይትሮጅን ልኬት ደግሞ ሥጋና ወተት በሰውዬው ማዕድ ላይ የነበራቸውን ድርሻ ያመለክታል። ቆላው የማሽላ፣ ደጋው የገብስና የስንዴ በሆነበት በጨርጨር ይህ ዘዴ ተራራው ላይ የኖረውን ሰው ማዕድ ከሸለቆው ሰው ማዕድ የመለየት ተስፋ ይሰጣል።

ስትሮንቲየም የተባለው ንጥረ ነገር ከአለት ወደ አፈርና ውኃ፣ ከዚያም ወደ ሰብልና ወደ ሰው ጥርስ ይገባል። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን፣ ማለትም ኢናሜል፣ በልጅነት ከተሠራ በኋላ ስለማይታደስ ሰውዬው ያደገበትን ምድር ፊርማ እስከ መቃብር ይዞ ይዘልቃል። የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ፣ የኖራ ድንጋይና እጅግ ጥንታዊው መሠረታዊ አለት በስትሮንቲየም ልኬታቸው የሚለያዩ ሲሆን፣ ሦስቱም በሐረርጌ ደጋማ አገር ይገኛሉ። ከሐርላና በሐረር አቅራቢያ ከምትገኘው ሶፊ በተገኙ አጽሞች ላይ በዚሁ ዘዴ የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሲሆን፣ ዓላማው የእስልምናን መስፋፋት ከሰዎች ዝውውር ጋር አያይዞ መመርመር ነበር።

የረሃብ ዜና

የሐርላ ሰዎች በረሃብ እንደጠፉ የሚናገረው ትርክትም በመርሕ ደረጃ በአጥንት ሊፈተሽ የሚችል ነው። በልጅነቱ ለረጅም ጊዜ የተራበ ወይም በጽኑ የታመመ ሰው የጥርሱ ኢናሜል መሠራት ለጊዜው ተቋርጦ በአግድም የሚታይ መስመር ይተዋል፤ በመስመሩ ቦታም ችግሩ የደረሰበት ዕድሜ ይገመታል። ለዚህ ምርመራ ምዕራብ ሐረርጌ ሌላም ሀብት አላት፤ በመቻራ አካባቢ በኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ውስጥ ከሚንጠባጠብ ውኃ ቀስ በቀስ ያደጉትን ዓምዶች ፕሮፌሰር አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቻቸው መርምረው ያለፉ ዘመናትን የዝናብ መለዋወጥ አጥንተዋል። የጥርሱ መስመርና የዋሻው ዓምድ ጎን ለጎን ቢነበቡ የድርቁን ዘመን ከሰዎቹ ሥቃይ ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1992 በአንትሮፖሎጂስቶች የተነሣ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ መዘንጋት የለበትም። በጥርሱ ላይ የረሃብ መስመር ያለበት ሰው ረሃቡን አልፎ የኖረ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሞተው ሕፃን ምንም ምልክት ሳይኖርበት ይቀበራል። ስለዚህ ንጹሕ የሚመስል አጽም የጤናማ ሰው ምስክር ላይሆን ይችላል፤ ምልክት የበዛበት አጽምም የጠንካራው ሊሆን ይችላል።

አጥንት የመሬት ውል አይደለም

‹‹የማን ናቸው?›› ለሚለው ጥያቄ ዲ.ኤን.ኤም ቢሆን ቀላል መልስ እንደማይሰጥ አንድ ምሳሌ ያሳያል። በጋሞ ደጋ በሞጣ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2012 የተገኘውና ባይራ የሚል ስም የተሰጠው የ4,500 ዓመት ሰው በ2015 ሙሉ ዲ.ኤን.ኤው የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ አፍሪካዊ ሆነ፤ ይህም የተቻለው በጆሮ አካባቢ በሚገኘው እጅግ ጠጣር የራስ ቅል ክፍል ውስጥ ዲ.ኤን.ኤው ተጠብቆ በመቆየቱ ነው። ከታተመው ድምዳሜ አንዱ፣ ማለትም ከምዕራብ እስያ የመጣ የዘር ቅልቅል በመላው አፍሪካ ደርሷል የሚለው፣ በሒሳብ አሠራር ጉድለት የተነሣ ስሕተት መሆኑን አጥኚዎቹ ራሳቸው በ2016 አርመዋል። እጅግ የተደነቀ ጥናት እንኳ ስለ ዘር የሰጠው ፍርድ በወራት ውስጥ ከተለወጠ፣ የጨርጨርን መቃብር ለዛሬ ብሔርና ለዛሬ ይዞታ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ግልጽ ነው። ዲ.ኤን.ኤ ዝምድናን ይነግራል፤ ቋንቋን፣ እምነትንና ማንነትን ግን በራሱ አይናገርም።

ማን ይጠብቃቸው?

የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በእርሻ፣ በግንባታ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና ያገኘውን ጠብቆ እንዲያቆይ ያስገድዳል። የመቃብር ድንጋይ ለእርከንና ለቤት መሠረት የሚመች በመሆኑ ግን አዋጁ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ገበሬው ምን እንዳገኘ ማወቅ፣ የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ በፍጥነት መድረስ፣ በጭሮ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም አጥንት ማንበብ የሚችሉ የአካባቢውን ልጆች ማሠልጠን ይኖርባቸዋል። ሙታንን ማክበር በእስልምናም በክርስትናም ግዴታ በመሆኑ ከቁፋሮ በፊት ሽማግሌዎችንና የሃይማኖት አባቶችን ማማከር፣ ከጥናትም በኋላ ውጤቱን በአካባቢው ቋንቋ መመለስ የሥራው አካል ሊሆን ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን ገንዘብም ላቦራቶሪም የማይጠይቀው ሥራ ነው፤ ይኸውም ድንጋዩን ባለበት መተው ነው። በዡሶም ዘመን ጥንታዊ ዲ.ኤን.ኤ የሚነበብበት መንገድ እንዳልነበረ ሁሉ፣ የነገዎቹ አጥኚዎችም ዛሬ የማይታሰብ ነገር ከአንድ ጥርስ ያነብባሉ፤ ቦታውን ሳይለቅ የቆየ አጽም ያን ጊዜ ይናገራል፤ የተበተነውን ግን የትኛውም መሣሪያ መልሶ ሊያሰባስበው አይችልም።