በፓይተን ቋንቋ ስለሚገኙ መያዣዎችና አብረው ስለተሠሩ ተግባሮች

እህል በጎተራ፣ ውሃ በእንስራ፣ እንጀራ በመሶብ ይቀመጣል። ውሃ በመሶብ ልቅዳ የሚል ቢኖር ጥፋቱ የመሶቡ ሳይሆን የመራጩ ነው። ለኮምፒዩተር ትእዛዝ በሚጻፍበት ቋንቋም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ፓይተንን ነው፤ ይኸውም ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ አምስተርዳም ላይ መሥራት ጀምሮ በ1991 ለሕዝብ ያወጣው ቋንቋ ነው።

ዋና ዋናዎቹ መያዣዎች አራት ናቸው። 1ኛ፤ ሊስት ነገሮችን በተራ ይይዛል፤ መጨመርም መቀነስም ይፈቅዳል። 2ኛ፤ ቱፕል እንደ ሊስት በተራ ይይዛል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ አይለወጥም። 3ኛ፤ ዲክሽነሪ እንደ መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ፍች ይሰጣል። 4ኛ፤ ሴት የተባለው (ስሙ በእኛ ቋንቋ ፈገግ ቢያሰኝም ትርጉሙ ስብስብ ነው) ተራ አይጠብቅም፤ አንዱንም ነገር ሁለት ጊዜ አይቀበልም።

አብረው የተሠሩ ተግባሮች የምንላቸው ከቋንቋው ጋር የመጡትን፣ ከሌላ ስፍራ መጥራት የማያስፈልጉንን ነው። ሌን ብዛትን ይቆጥራል፤ ሰም ይደምራል፤ ማክስና ሚን ትልቁንና ትንሹን ይመርጣሉ፤ ሶርትድ በቅደም ተከተል አሰልፎ አዲስ ሊስት ይሰጣል፤ የፊተኛውንም መያዣ አይነካም። የእነዚህ ተግባሮች ጥቅም አንዱ ለብዙ መያዣ ማገልገሉ ነው። ሌን የሊስትንም፣ የሴትንም፣ የቃልንም ርዝመት ይነግረናል፤ ስለዚህ «ሰላም» ቢሰጠው 3 ብሎ ይመልሳል።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ሥራ እንለፍ። ጸሐፊው በአንድ የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ስንት ልዩ ልዩ ቃል እንዳለ ለማወቅ ፈለገ። በመጀመሪያ ቃሎቹን በሊስት እያኖረ፣ አዲስ ቃል በመጣ ቁጥር «ከዚህ በፊት አለን?» ብሎ ጠየቀ። ሊስት ለዚህ ጥያቄ ከመጀመሪያው አንሥቶ አንድ በአንድ ስለሚፈትሽ፣ ቃሉ በበዛ ቁጥር ሥራው እየዘገየ ሄደ። ሴት ግን ከቃሉ ከራሱ ቁጥር አስልቶ የሚቀመጥበትን ቦታ ስለሚያውቅ ሁሉን መፈተሽ አያሻውም። የማይለወጥ ነገር ብቻ የሚቀበለውም ስለዚህ ነው፤ ይዘቱ ቢለወጥ ቁጥሩም ተለውጦ ዕቃው በቦታው አይገኝምና። ሊስትን በሴት ውስጥ ማኖር የማይቻለው፣ የማይለወጡ ነገሮችን የያዘ ቱፕል ግን የሚቻለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሥራው ፈጠነ፤ ውጤቱ ግን ስሕተት ነበረ። ቃሎቹ በሶርትድ ተሰልፈው ሲታዩ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እንደ ሁለት ቃል ተቆጥረዋል። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ፊደሎች ለመኪናው የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸውና። ሶርትድም የሚያሰልፈው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ደግነቱ የፊደላችን ቁጥሮች በሀ ሁ ተራ ስለተሰጡ ሰልፉ ከለመድነው ብዙ አይርቅም።

መድኃኒቱ ዲክሽነሪ ነው። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን ወደ አ ከነዘራቸው የሚመልስ መዝገብ ሠርቶ፣ እያንዳንዱን ቃል ወደ ሴት ከማግባት በፊት በዚያ ማሳለፍ ነው። ይህም ብቻ አይበቃም፤ «ኃይል» ወደ «ሃይል» ቢመለስም ከ«ሀይል» ጋር አንድ አይሆንም፤ ስለዚህ ሀን ከሃ፣ አን ከኣ ጋር ደግሞ ማዛመድ ያስፈልጋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይገባል። በግዕዙ ሥርዓት «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው፤ መዝገባችን ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ፊደሎቹን ማዋሐድ ወይም መለየት የመኪናው ሳይሆን የተመራማሪው ፍርድ ነው። በጥናት ወረቀት ላይ «ይህን ያህል ልዩ ልዩ ቃል አገኘሁ» የሚል ተማሪ፣ በየትኛው ደንብ እንደ ቆጠረ አብሮ ካልጻፈ ቁጥሩ ለሌላው አይጠቅምም። መኪናው በትክክል ይቆጥራል፤ ምን እንደሚቆጠር መወሰን ግን የእኛ ሥራ ነው።