ያውቁ ኖሯል? የሃምፕስቴድን ኮረብታ በእግር ሲዞሩ

ለንደን ደርሰው ቤተ መንግሥቱንና ቢግ ቤንን ካዩ በኋላ ግማሽ ቀን ከተረፈዎት ወደ ሰሜን ይውጡ። ሃምፕስቴድ ከመሃል ከተማ በባቡር ሃያ ደቂቃ የማይሞላ፣ ጎዳናው በዛፍ የተሸፈነ የባለጸጋ ሰፈር ነው። ከጣቢያው ተነሥቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ፣ ኮረብታውን ወጥቶ፣ ሂዝ የሚባለውን ሰፊ ሜዳና ጫካ ዞሮ እዚያው የሚመልስ የእግር መንገድ አለ። ልምላሜውን ያየ ሁሉ ተፈጥሮን ያመሰግናል። ይገባታል፤ ግን ጠበቆችንም ማመስገን ይኖርበታል። (ዓመተ ምሕረቱም ቀኑም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ያውቁ ኖሯል? በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ሁሉ እጅግ የጠለቀው የሃምፕስቴድ ጣቢያ ነው፤ ከመሬት በታች 58 ሜትር ተኩል። ከላዩ ያለው ኮረብታ ከፍ ስላለ ነው እንዲህ የጠለቀው። ሊፍቱን ትተው በእግር ልውጣ ካሉ ከ300 በላይ ደረጃ ይጠብቅዎታል። ጉልበትዎን ለመንገዱ ቢያቆዩት ይሻላል።

በዚያው መስመር ወደ ሰሜን ከዚህም የባሰ ጥልቅ ጣቢያ ተጀምሮ ነበር፤ ኖርዝ ኤንድ ይባላል። እስከ ዛሬ አንድም ተሳፋሪ አልወረደበትም። ቤት ይሠራበታል የተባለውን መሬት ሄንሪየታ ባርኔት የተባለች ብርቱ ሴት ዘመቻ መርታ ለሕዝብ መናፈሻነት አስገዛችው። ቤት ከሌለ ተሳፋሪ የለም፣ ተሳፋሪ ከሌለ ጣቢያ ለምኔ ተባለና በ1906 ግንባታው ቆመ።

ከጣቢያው ትንሽ ወረድ ብሎ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በግቢው ከተቀበሩት አንዱ ጆን ሃሪሰን ነው፤ መርከበኞች በባሕር ላይ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደተጓዙ የሚያውቁበትን ሰዓት የሠራው የአናጢ ልጅ። ሠዓሊው ጆን ኮንስታብልም እዚሁ ነው። ኮንስታብል በ1821 እና በ1822 ሂዝ ላይ እየወጣ ደመና ብቻ ይሥል እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? ዛፍ የለ፣ ሰው የለ፣ ደመና ብቻ። ከሥዕሉ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ይጽፍ ስለነበር የአየር ጠባይ ተመራማሪዎች ዛሬም ያገላብጡታል።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ፍሮግናል የሚባለው ሰፈር ለእኛ የተለየ ነገር አለው። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በ1740ዎቹ ታማሚ ሚስቱን ንጹሕ አየር እንድታገኝ ብሎ ቤት የተከራየላት እዚህ ነበር። ይኸው ሰው በወጣትነቱ፣ በ1735፣ የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳትሟል። በ1759 እናቱ ስትሞት ደግሞ ለቀብር ማስፈጸሚያና ለዕዳዋ ገንዘብ ቸገረው፤ በአንድ ሳምንት ማታ ማታ ተቀምጦ «ራሴላስ»ን ጻፈ፤ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ተዘግቶበት ስለሚኖር የኢትዮጵያ ልዑል የሚተርክ መጽሐፍ። ጆንሰን አፍሪካን በዓይኑ አላየም። መጽሐፉን በኋላ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ስለመለሰው ልዑሉ ወደ አገሩ ተመልሷል ማለት ይቻላል።

ዳገቱን ጨርሰው ጫፉ ላይ ሲደርሱ ኋይትስቶን የሚባል ኩሬ ያገኛሉ። ስሙን ያገኘው በአጠገቡ ካለው ነጭ የማይል ድንጋይ ነው። ግራና ቀኙ ቁልቁለት ሆኖ የተነጠፈው ለምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ዳገቱን የወጡ ፈረሶች ጋሪያቸውን እንደጎተቱ ገብተው እንዲጠጡና እንዲቀዘቅዙ ነው።

ከዚህ ጥቂት ወደ ምዕራብ ቢያዘነብሉ በሐረግ የተሸፈነ ረጅም የድንጋይ ዓምዶች መተላለፊያ አለ፤ ባለቤቱ ሎርድ ሌቨርሁልም ነበር። ላይፍቦይ ሳሙና ያልገባበት የኢትዮጵያ ቤት ጥቂት ነው፤ ያ ሳሙና የእርሱ ኩባንያ ሥራ ነው። መተላለፊያው እንዲያ ከፍ ብሎ የተሠራው የባቡሩ መሿለኪያ ሲቆፈር የወጣው አፈር ተጋግዞ እዚህ በመደፋቱ ነው። ባቡሩ ተሠራ፣ አፈሩም ቦታ አገኘ።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ። ሂዝ ቤት ሳይሠራበት እንዴት እንደቀረ ያውቁ ኖሯል? የአካባቢው ባለርስት ሰር ቶማስ ማርዮን ዊልሰን ርስቱን በ1821 ሲወርስ የአባቱ ኑዛዜ ላይ አንድ እሾህ አገኘ፤ መሬቱን ከ21 ዓመት ለሚበልጥ ኪራይ መስጠት አይችልም። በ21 ዓመት ኪራይ ደግሞ ገንዘቡን አፍስሶ የጡብ ቤት የሚያቆም ሰው የለም። ስለዚህ በ1829 ኑዛዜውን የሚያላላ የተለየ ሕግ ይውጣልኝ ብሎ ለፓርላማ አመለከተ። ጎረቤቶቹ ተነሡበት። ከነሱም መካከል ኋላ የምንደርስበት የኬንውድ ቤት ባለቤቶችና የባንክ ባለሀብቶች ነበሩ። ደጋግሞ ጠየቀ፣ ደጋግመው አስመለሱት፤ አርባ ዓመት ተሟግቶ በ1869 ፈቃዱን ሳያገኝ ሞተ። ወንድሙ ሰር ጆን ጠቡ ሰልችቶት ይሁን ገንዘቡ አጓጉቶት በ45,000 ፓውንድ ለመሸጥ ተስማማ፤ በ1871 ሂዝ እንዳለ ለሕዝብ እንዲጠበቅ ሕግ ወጣ። የተከራካሪዎቹ ልብ ሁሉ ለድሃው መናፈሻ ያዘነ ነበር ብዬ አላምንም፤ ብዙዎቹ ያሰቡት ከገዛ መስኮታቸው ለሚታየው ለምለም ነው። ቢሆንም ያ ስስታቸው የጠበቀውን ሜዳ ዛሬ ከየትም የመጣ ሰው በነጻ ይረግጠዋል። ከዚያ ወዲህ እየተጨመረ ስፋቱ 320 ሄክታር ገደማ ደርሷል።

ከሰር ቶማስ ሕልም የተረፈም አለ። በጫካው መካከል፣ ወዴትም የማያደርስ የሚመስል ባለ ቅስት ቀይ የጡብ ድልድይ ያገኛሉ። ሊሠራቸው ላሰባቸው ቪላ ቤቶች መግቢያ እንዲሆን ያቆመው ነው። ድልድዩ ተሠራ፣ ቪላዎቹ ቀሩ።

በሂዝ መካከል «የጤና ሸለቆ» የሚባል ትንሽ መንደር አለ። ቀድሞ ረግረግ ነበር፤ ከደረቀ በኋላ ነው ይህ ያማረ ስም የወጣለት። ሕንዳዊው ባለቅኔ ታጎር በ1912 እዚህ ሰንብቶ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት የኖቤል ሽልማት አገኘ።

መንገዱ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ ስፓኒያርድስ የሚባል የጥንት መጠጥ ቤት ይመጣል። ፊት ለፊቱ የቀድሞ የኬላ ቤት ስላለና ማፍረስ ስለማይፈቀድ የዘመኑ መኪና ሁሉ እዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ተራ ጠብቆ ያልፋል። በሰኔ 1780 የለንደን ሁከተኞች የዋና ዳኛውን የሎርድ ማንስፊልድን የከተማ ቤት አቃጥለው ኬንውድ ያለውን ሁለተኛ ቤቱን ለመድገም ሲመጡ፣ የመጠጥ ቤቱ ጌታ ወታደር እስኪደርስ በነጻ መጠጥ ይዟቸው ቆየ ይባላል። የኬንውድ ቤት መትረፉ ግን እውነት ነው፤ ዛሬም ነጭ ሆኖ ቆሟል፣ መግቢያውም ነጻ ነው።

በዚያ ቤት ውስጥ ያደገችውን ዳይዶ ኤልዛቤት ቤልን ያውቁ ኖሯል? በ1761 የተወለደች ናት። እናቷ ማሪያ በባርነት የተያዘች አፍሪካዊት፣ አባቷ የማንስፊልድ የእህት ልጅ የሆነ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ልጅ ያልነበረው ማንስፊልድ ከሌላ የዘመድ ልጅ ጋር አሳደጋት፤ ስታድግ ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር፤ የወተት ላሞቹንና ዶሮዎቹን የምታስተዳድረውም እርሷ ነበረች። ይኸው ዳኛ በ1772 ጄምስ ሶመርሴት የተባለ ሰው ከእንግሊዝ በግድ ተጭኖ ለባርነት ሊሸጥ አይችልም ብሎ ፈረደ። ፍርዱን የሰጠው እርሷን እያየ ይሁን አይሁን ሰዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ለእኔ የበለጠ የሚናገረው ኑዛዜው ነው፤ ነጻ ሴት መሆኗን በጽሑፍ አረጋገጠላት። የአገሪቱ ዋና ዳኛ፣ የገዛ ቤቱ ልጅ ነጻነት ያለ ወረቀት እንደማይጸና ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ኬንውድን ከነሥዕሎቹ ለሕዝብ የተናዘዘው የጊነስ ቢራ ጌታ ኤድዋርድ ሴሲል ጊነስ ነው፤ በ1927 ሞተ። ሬምብራንት ራሱን የሣለበት ሥዕል እዚህ አለ። የቬርሜር «ጊታር ተጫዋቿ»ም አለች፤ በ1974 ተሰርቃ ሌቦቹ በግሬናዳ ደሴት ለድሆች ምግብ ይታደል ብለው ነበር። ከሁለት ወር በላይ ቆይታ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በጋዜጣ ተጠቅልላ ተገኘች። ሲወጡ ከታች ኩሬው ዳር የሚታየውን ነጭ ድልድይ ልሻገር እንዳይሉ፤ ከእንጨት የተሠራ የፊት ገጽ ብቻ ነው፣ ለዓይን ማሳመሪያ።

ከኬንውድ ወደ ደቡብ የሚወርደው ሚልፊልድ ሌን ጠባብ መንገድ ነው። እሑድ ሚያዝያ 11 ቀን 1819 ወጣቱ ባለቅኔ ጆን ኪትስ እዚህ ሲንሸራሸር ሌላውን ባለቅኔ ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅን አገኘ። ሁለት ማይል ያህል አብረው ሄዱ። ኪትስ ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ እንደሚለው ኮልሪጅ ስለ ወፎች ዜማ፣ ስለ ቅዠት፣ ስለ መንፈስና ስለ ሌላም ብዙ ነገር ሳያቋርጥ ተናገረ፤ ከተለያዩም በኋላ ድምፁ ይሰማ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኪትስ ከሁሉ የታወቀውን የወፍ ግጥሙን ጻፈ።

ኮልሪጅ በበኩሉ የሚኖረው ወዲያ ማዶ ሃይጌት ነበር፤ ከኦፒየም ሱስ እንዲያላቅቀው ወደ አንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት ገብቶ በዚያው ቀረ፣ የተቀበረውም እዚያው ነው። በ1816 ባሳተመው «ኩብላ ካን» ግጥም ውስጥ ክራር መሰል መሣሪያ እየመታች ስለ አንድ ተራራ የምትዘፍን ኢትዮጵያዊት ልጃገረድ አለች። የተራራው ስም በእጅ ጽሑፉ መጀመሪያ «አማራ» ነበር። የነገሥታት ልጆች በአምባ ላይ ተዘግተው ይኖሩ ነበር የሚለው ወሬ፣ ማለትም የአምባ ግሸን ታሪክ፣ አውሮፓ የደረሰው በዚህ ስም ነው። የጆንሰን ሸለቆም ከዚያው ወሬ የተቀዳ ነው። በሂዝ ግራና ቀኝ የኖሩ ሁለት ጸሐፊዎች፣ በመካከላቸው ትውልድ ተሻግሮ፣ ያላዩትን ግሸንን አለሙ።

ከመንገዱ ትንሽ ቢወጡ የሃይጌት መቃብር አለ፤ ካርል ማርክስ እዚያ ነው። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አጠገብ ሐውልቱን ያየ ሰው የዋናውን መቃብር ልጎብኝ ቢል መግቢያው በክፍያ ነው። በሕይወት ሳለ እሑድ እሑድ ከነቤተሰቡ ስንቅ ቋጥሮ የሚመጣው ሂዝ ላይ ነበር።

ኩሬዎቹን ያስተውሉ። ከ1600ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለከተማው የመጠጥ ውሃ እንዲያቁሩ የተገደቡ ናቸው፤ ዛሬ አንዳንዶቹ ለወንዶች፣ ለሴቶችና ለድብልቅ ተለይተው ይዋኝባቸዋል። የሚመግባቸው የፍሊት ወንዝ ከዚህ ወርዶ ከመሬት በታች ተቀብሮ ቴምስ ይገባል፤ የእንግሊዝ ጋዜጦች መንደር የነበረው ፍሊት ስትሪት ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው።

ፓርላመንት ሂል 98 ሜትር ብቻ ከፍታ ያላት ጉብታ ናት። ከዚያ የሚታየው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላት በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ፣ ዕይታውን የሚጋርድ ፎቅ ከመካከል ማቆም ክልክል ነው። በዛፉ ላይ የሚንጫጩት አረንጓዴ በቀቀኖች የለንደን ተወላጅ አይደሉም፤ ከተያዙበት አምልጠው የበዙ ናቸው፣ ዘመዶቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ ይገኛሉ። በ2019 ደግሞ ሣሩን እንዲግጡ ለሙከራ አምስት በጎች ተሰማርተው ነበር፤ የለንደን ሰው ተሰልፎ ፎቶ አነሣቸው።

ቁልቁል ሲወርዱ ኪትስ የኖረበት ነጭ ቤት፣ ቀጥሎም በዊሎው ሮድ አርክቴክቱ ኤርኖ ጎልድፊንገር በ1939 የጨረሰው የሲሚንቶና የመስታወት ቤት ይመጣል። ደራሲው ኢያን ፍሌሚንግ ለጄምስ ቦንድ ጠላት ይህንን ስም ሰጠው። ባለስሙ ልክሰስ ብሎ ተነሣ፣ በመጨረሻ ወጪው ተከፍሎትና የመጽሐፉ ጥቂት ቅጂ ተሰጥቶት ተስማማ።

ከዚያ ወደ ዌል ዎክ ይገባሉ። የጉድጓድ መንገድ ማለት ነው። እዚህ ይፈልቅ የነበረው ብረት ያለበት ውሃ ለጤና ይበጃል ተብሎ፣ የጊዜው አምቦ ውሃ ሆኖ፣ በጠርሙስ ተሞልቶ በከተማው መጠጥ ቤቶች በሦስት ፔኒ ይሸጥ ነበር፤ ቀጣዩ ጎዳና ፍላስክ ዎክ የሚባለው በነዚያ ጠርሙሶች ነው። ምንጩንና በዙሪያው ያለውን ስድስት ኤከር መሬት በ1698 የጌንስቦሮ መኳንንት ቤተሰብ ለሃምፕስቴድ ድሆች ሰጡት። መታከሚያው ፋሽን አልፎበት ከቀረ ብዙ ዘመኑ ነው። ከስጦታው የተቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ግን ዛሬም አለ፤ በዚህ ውድ ሰፈር ለሚኖሩ ችግረኞች ገንዘብ ይሰጣል።