ዱርጋ በየዓመቱ «ወላጆቿን ልትጠይቅ» የምትመጣበት የኮልካታ ቤት

የህንድ ፊልም እያያችሁ ካደጋችሁ ይህን ትዕይንት ታውቁታላችሁ። ትልቅ አሮጌ ቤት፣ መሀሉ ላይ ሰፊ ግቢ፣ ከበሮ፣ የዕጣን ጭስ፣ ነጭ በቀይ ጥለት ሳሪ የለበሱ ሴቶች፤ ፊት ለፊት ደግሞ አስር እጅ ያላት የሸክላ ምስል። በ2002 የወጣው «ዴቭዳስ» ላይ አይሽዋሪያ ራይና ማዱሪ ዲክሲት አብረው የጨፈሩት በዚህ በዓል ላይ ነው። በዓሉ ዱርጋ ፑጃ ይባላል። እንዲህ ያሉት ቤቶች ግን ለፊልም ተብለው የተሠሩ አይደሉም። እስከ ዛሬ ሰው ይኖርባቸዋል።

ዛሬ ከመካከላቸው አንዱን እንይ፤ በሰሜን ኮልካታ የሚገኘውን ሾባባዛር ራጅባሪን። «ራጅባሪ» በቤንጋሊ የንጉሥ ቤት ማለት ነው። ባለቤቱ ግን ከንጉሥ ዘር አልነበረም። ናባክሪሽና ዴብ ይባላል፣ የተነሳውም በቋንቋ ችሎታው ነው። በዚያ ዘመን በቤንጋል የመንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ፋርስኛ ነበር። ለንግድ መጥቶ ቀስ በቀስ አገር መግዛት የጀመረው የእንግሊዙ ኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ፋርስኛ አንብቦ የሚጽፍለት ሰው ፈለገ። ናባክሪሽና የኩባንያው ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነ፤ በኩባንያው በኩልም ሀብት፣ መሬትና ማዕረግ አገኘ።

በሰኔ 1757 በሮበርት ክላይቭ የሚመራው የኩባንያው ጦር የቤንጋሉን ገዢ ሲራጅ ኡድ ዳውላን ፕላሲ ላይ አሸነፈ። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ናባክሪሽና አዲሱ ቤቱ ውስጥ ትልቅ የዱርጋ በዓል ደገሰ። እዚህ ጋር አንድ ታሪክ በሰፊው ይወራል። ክላይቭ ለድሉ አምላኩን ማመስገን ፈልጎ ነበር አሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ባለፈው ዓመት በሲራጅ ወረራ ፈርሷል። ናባክሪሽናም «ወደ እኛ ቤት ና» አለው ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑ በ1756 መፍረሱ እውነት ነው፤ የክላይቭን መምጣት ግን የሚጠራጠሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። ለእኛ እሱ መጣ አልመጣ ዋናው ነገር አይደለም። በዓሉ ጸሎት ብቻ ሳይሆን «አዲሱ ጌታ ከማን ጋር እንደሆነ እዩ» የሚል መልዕክትም ነበረው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። እንዲህ ያለ ቤት ልቡ «ታኩርዳላን» ነው፤ የአምላክ አዳራሽ እንደማለት። ከግቢው በደረጃ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ፊቱ በቅስቶች የተከፈተ አዳራሽ ነው። በሌሎቹ ጎኖች ፎቅና በረንዳ ግቢውን ይከቡታል። ድሮ የቤቱ ሴቶች ወንድ እንግዳ ፊት ስለማይወጡ በዓሉን የሚያዩት ከላይ፣ ከመስኮት መከለያ ጀርባ ሆነው ነበር። የራሳቸውን ቤት በዓል በቀዳዳ ማየት ምን ይመስል እንደነበር አስቡት።

የበዓሉ ሐሳብ ደግሞ ቀላል ነው፦ ዱርጋ ያገባች ልጅ ናት። ዓመቱን ሙሉ ባሏ ሺቫ ጋር ካይላሽ ተራራ ላይ ትኖራለች፤ በዓመት አንዴ አራቱን ልጆቿን ይዛ ወላጆቿን ልትጠይቅ ትመጣለች። ስለዚህ ቤተሰቡ የሚቀበላት አምላክን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ነው።

ምስሏ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የምትሠራው። ከወራት በፊት ለእንጨትና ለቀርከሃ አጽሟ ጸሎት ይደረጋል፤ ከዚያ ገለባ ይታሰራል፣ ጭቃ ይለበጣል፣ ቀለም ይቀባል። በቤንጋል ልማድ ጭቃው ውስጥ ከሴተኛ አዳሪዎች ደጃፍ የተወሰደ ትንሽ አፈር መግባት አለበት። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ማኅበረሰቡ የሚያገላቸው ሴቶች ደጃፍ ያለው አፈር እንደ ቅዱስ ይቆጠራል። ሴቶቹ ራሳቸው ግን እንደዚያ አይቆጠሩም፤ ይሄ ለእኛ የልማዱ ከባዱ ክፍል ነው።

ስምንተኛው ቀን አልፎ ዘጠነኛው ሲገባ 108 መብራት ይበራል፣ 108 የሎተስ አበባ ይቀርባል። ምግቡም የራሱ ሕግ አለው። የዴብ ቤተሰብ ብራህሚን ስላልሆነ ለዱርጋ የበሰለ ሩዝ አያቀርብም፤ የሚያቀርበው ጥሬ ሩዝ፣ ፍራፍሬና ብዙ ጣፋጭ ነው። ባለጸጋው ጌታ፣ እንግሊዞቹን የሚጋብዘው ሰው፣ በገዛ ቤቱ ሩዝ ቀቅሎ ለአምላኩ መስጠት አይችልም ነበር። ካስት ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ገንዘብ አይፈታውም።

በመጨረሻው ቀን ያገቡ ሴቶች «ሲንዱር» የሚባለውን ቀይ ዱቄት እርስ በርስ ፊት ላይ ይቀባባሉ፣ ልጅቷንም ይሸኟታል። ድሮ በዚህ ሰዓት «ኒልካንታ» የሚባሉ ሰማያዊ ክንፍ ያላቸው ወፎች ይለቀቁ ነበር፤ ቀድመው በረው ለሺቫ «ሚስትህ መንገድ ላይ ናት» ብለው እንዲነግሩት። የህንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ በ1972 ሲወጣ ይህ ተከለከለ። ቤተሰቡ መልዕክተኛውን አልሰረዘም፤ በሰው ሠራሽ ወፍ ተካው።

«ባህል ጠባቂ ቤት» ስንል ግን ሁሉም ነገር ያማረ እንዳይመስላችሁ። የናባክሪሽና የልጅ ልጅ ራዳካንታ ዴብ ትልቅ ሊቅ ነበር። በብዙ ቅጽ የወጣ የሳንስክሪት መዝገበ ቃላት አዘጋጅቷል፣ የሴቶችን ትምህርትም ደግፏል። ይኸው ሰው በ1829 «ሳቲ»፣ ማለትም ሚስት ከሞተ ባሏ ጋር በእሳት የምትቃጠልበት ልማድ፣ ሲከለከል ክልከላውን ከተቃወሙት ግንባር ቀደሙ ነበር። ጓደኞቹን አስተባብሮ እስከ ለንደን አቤት አለ፤ በ1832 አቤቱታው ውድቅ ሆነ። መዝገበ ቃላቱንም ተቃውሞውንም ያመጣው ያው «የእኛ ነገር እንዳይጠፋ» የሚል ስሜት ነው። ከዚህ ሰፈር ሌላም ነገር ወጥቷል፦ ዛሬ «ባንጊያ ሳሂትያ ፓሪሻድ» የሚባለው የቤንጋሊ ሥነ ጽሑፍ ማኅበር በ1893 የተመሠረተው በዚሁ ቤተሰብ ቤት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዛሬ በማን ገንዘብ ይቀጥላል? ዋናው ጣጣ እሱ ነው። ናባክሪሽና መጀመሪያ ወንድ ልጅ ስላልነበረው የወንድሙን ልጅ እንደ ልጁ አድርጎ ወሰደ፤ በኋላ ደግሞ የራሱ ወንድ ልጅ ተወለደ። ውጤቱ ሁለት ቤት፣ ሁለት በዓል፣ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ። ከዚያ ወዲህ ወራሹ እየበዛ ሄደ። በ1950ዎቹ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት የባላባቶችን መሬት ሲወስድ ደግሞ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ከገጠር የሚመጣላቸው ኪራይ ቆመ። ጣሪያው ግን ማፍሰሱን አላቆመም።

ብዙ ቤንጋላውያን ቤተሰቦች ያገኙት አንዱ መላ ንብረቱን ለአምላክ መስጠት ነው። በህንድ ሕግ የቤተ መቅደስ ምስል እንደ ሰው ንብረት ሊኖረው፣ ሊከስና ሊከሰስ ይችላል። በ1925 አንድ ሌላ የኮልካታ ቤተሰብ ምስሉ በማን ቤት ይቀመጥ በሚል ተጣልቶ ጉዳዩ ለንደን ድረስ ሄደ። ዳኞቹም የምስሉ የራሱ ፍላጎት መከበር አለበት፣ የሚወክለውም ከወንድማማቾቹ ጥል ነጻ የሆነ ሰው ይሁን አሉ። ዘመዶች የአምልኮ ተራ የሚከፋፈሉበት አሠራርም አለ፤ ዘንድሮ የአንተ፣ ከርሞ የእኔ።

ሌሎች ቤተሰቦች በራቸውን ለእንግዳ ከፍተዋል። በ1766 የተሠራው ኢታቹና ራጅባሪ ዛሬ ገንዘብ ከፍላችሁ የምታድሩበት ቤት ነው። የባዋሊ ራጅባሪም ሆቴል ሆኗል።

በታኅሣሥ 2021 ዩኔስኮ የኮልካታን ዱርጋ ፑጃ በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበ፤ የእኛ መስቀልና ጥምቀት ያሉበት መዝገብ ላይ ማለት ነው። ዛሬ የከተማዋን ሕዝብ የሚያጥለቀልቁት ሰፈሮች በመዋጮ የሚያቆሙት ግዙፍ ድንኳኖች ናቸው። ወደ ሾባባዛር የሚሄደው ሰው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ የድሮውን።

የሽኝቱን ቪዲዮ ካገኛችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ምስሏ ሁግሊ ወንዝ ዳር ስትደርስ ወደ ውሃው አትወረወርም። ሁለት ጀልባዎች ጎን ለጎን ይቆሙና በመካከላቸው ትቀመጣለች። መሀል ወንዝ ሲደርሱ ጀልባዎቹ ቀስ ብለው ይራራቃሉ፣ እሷም በመሀላቸው ትሰምጣለች። በማግስቱ ግቢው ባዶ ነው፤ በዓሉን ሊያዩ የመጡት ዘመዶችም ሻንጣቸውን ያዘጋጃሉ።