መሪን የሚያስከብረው ምግባሩ ነው

የጭቃ ሹም ልጅ ጭቃ ሹም ይሆናል የሚለው እምነት በገጠሩ ረጅም ዘመን የኖረ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቢያንስ በ800 ሔክታር ላይ የገበሬዎች ማኅበር እንዲቋቋም ሲደነግግ ግን፣ ትናንት ጭሰኛ የነበረ ሰው በጎረቤቶቹ ተመርጦ መሬት ማከፋፈልና የወሰን ክርክር መስማት ነበረበት። ለዚህ ሥራ በዘር የተሰጠው ነገር አልነበረም።

አመራር ከደም ይልቅ ከአሠራር እንደሚመነጭ በሌላም አገር ተፈትኗል። ኩርት ሌዊንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ አድርገው በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የ10 ዓመት ልጆች በየቡድኑ ሆነው የእጅ ሥራ ይሠሩ ነበር። አንዱ መሪ በአንደኛው ቡድን አዛዥ፣ በሌላው ተመካካሪ እንዲሆን ተደረገ። ሰውዬው ያው ሆኖ አመራሩ ሲለወጥ የልጆቹም ጠባይ ተለወጠ። አዛዡ ከክፍሉ ሲወጣ ሥራው ይላላል፤ ተመካክረው የሚሠሩት ግን ይቀጥላሉ። ገበሬ እንደ ልጅ አይደለም ይባል ይሆናል። ቢሆንም ሊቀመንበሩ ገበያ በዋለ ቁጥር የእርከን ሥራ የሚቆም ከሆነ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም።

ምግባር ሲባል በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ስብሰባ በአጨዳ ሰዓት አይጠራም። የማዳበሪያ ገንዘብ በአባላት ፊት ተቆጥሮ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ማንበብ ለማይችለውም ሒሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበብለታል። ከሁሉም የሚከብደው፣ ወሰን ገፋ ተብሎ የተከሰሰው የሊቀመንበሩ ወንድም ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ ከሸንጎው ተነሥቶ ይወጣል። ወንድሙ ይቀየመው ይሆናል፤ ከሳሹ ግን ቢረታም እንኳ በማግስቱ አካፋውን ይዞ ወደ እርከኑ ይወጣል።