የምግብ አለርጂ ነው ወይስ ሌላ ሕመም?

ሆዱ በየጊዜው የሚነፋ፣ ቆዳው የሚያሳክከው ወይም ከምሳ በኋላ ድካም የሚጫነው ሰው በምግብ ማሳበቡ የተለመደ ነው። በተለይ ተመርምሮ «ምንም የለብህም» ከተባለ ጥርጣሬው ይጠናከርና ሽሮው፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ ተራ በተራ ከማዕድ ይወገዳል። ጥርጣሬው አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን «አለርጂ» የሚለው ስም ሌላ ችግር ላይ ይለጠፋል። እውነተኛው አለርጂ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል፤ በስህተት የተሰየመው ደግሞ ሌላ በሽታ ተደብቆ እንዲቆይ ያደርጋል።

እ.ኤ.አ. በ1921 ካርል ፕራውስኒትስና ሃይንዝ ኩስትነር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች አንድ ሙከራ አደረጉ። ኩስትነር ዓሣ ሲበላ ሰውነቱ የሚቆጣ ሰው ነበር። ከደሙ የተለየ ሴረም በፕራውስኒትስ ቆዳ ውስጥ ተወጋ፤ በማግስቱ በዚያው ቦታ ከዓሣ የተዘጋጀ ፈሳሽ ሲጨመር ቆዳው ቀልቶ አበጠ። ቁጣውን የሚያስነሣ አንዳች ነገር በደም ውስጥ እንዳለ በዚህ ታወቀ። ይህ ነገር ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል መሆኑ የተረጋገጠው በ1960ዎቹ ነው። ምግቡ ወደ ሰውነት ሲገባ ፀረ እንግዳ አካሉ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች በድንገት እንዲለቀቁ ያደርጋል። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ አለርጂ ምልክቶች ከጥቂቶች በስተቀር ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያሉ፤ ምግቡ በተበላ ቁጥርም የመመለስ ጠባይ አላቸው። ዛሬ የተበላ ሽሮ ከሦስት ቀን በኋላ ራስ ምታት አስከተለ ቢባል ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል።

ከአለርጂ ጋር አብዝቶ የሚምታታው የወተት ጉዳይ ነው። በብዙ አዋቂዎች አንጀት ውስጥ ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። ያልተፈጨው ስኳር በትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ይብላላና መነፋት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። ይህ አስቸጋሪ ቢሆንም ሕይወትን አያሰጋም። እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት ወተት ሊችል ይችላል፤ እርጎና አይብ ደግሞ ይበልጥ ይስማሙታል። የወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው ግን በጥቂት መጠንም፣ በእርጎም ሊታመም ይችላል። ጃርዲያም አንጀትን ጎድቶ ለጊዜው ወተት እንዳይስማማ ሊያደርግ ስለሚችል የሰገራ ምርመራ መዘንጋት የለበትም።

የሁዳዴ ጾም በዚህ ረገድ ጠቃሚ ፍንጭ ይሰጣል። ለ55 ቀናት ያለ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የቆየ ሰው በእነዚህ ቀናት ሕመሙ ካልተሻለው የእንስሳት ተዋጽኦ ጥፋተኛ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። በፋሲካ ሰሞን ቢብስበት ግን ወዲያው መደምደም አይቻልም፤ ሥጋው፣ ስቡ፣ መጠጡና መጠኑ ሁሉ በአንድ ቀን ተለውጠዋልና።

ከ6 ሳምንት በላይ እየጠፋ የሚመላለስ የሚያሳክክ ሽፍታም በምግብ አለርጂ የሚመጣው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። የአንጀት ትሎች ሽፍታ ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ ጠቅላላውን የኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ መጠንም ከፍ ስለሚያደርጉ ይህ ቁጥር ብቻውን በኢትዮጵያ ብዙ አይናገርም። በአንድ የተወሰነ ምግብ ላይ የሚደረግ የቆዳ ወይም የደም ምርመራ ይሻላል። ሆኖም አዎንታዊ ውጤት ሰውነት ምግቡን «እንደሚያውቀው» እንጂ በሽታ መኖሩን ብቻውን አያረጋግጥም፤ ከሕመምተኛው ታሪክ ጋር መገናኘት አለበት። ለውዝ የማይስማማው ሰው ደግሞ ለአብሽም ሊቆጣ ስለሚችል በርበሬና ሽሮ ውስጥ የገባውን ቅመም ሁሉ መጠየቅ ይገባል። ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂን ለክተው የምግቦች ረጅም ዝርዝር የሚሰጡ የንግድ ምርመራዎች ግን ገንዘብ ከማባከን አያልፉም፤ የአውሮፓ የአለርጂና የክሊኒካል ኢሚዩኖሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2008 ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ 4ን ለዚህ መመርመር እንደማይመከር አስታውቋል።

ስንዴና ገብስ የማይስማማው የሚመስለው ሰው ለሴሊያክ በሽታ የሚደረገውን የደም ምርመራ ምግቡን ከመተዉ በፊት ማድረግ አለበት፤ ከተወው በኋላ ውጤቱ ያሳስታል። ጤፍ ግሉተን የለበትም፤ በውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል።

ጥርጣሬው ቀላል ምልክትን የሚመለከት ከሆነ የተበላውን ምግብ፣ ሰዓቱንና ምልክቱን መዝግቦ፣ አንድ ምግብ ብቻ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ትቶ፣ ከዚያ መመለስና ልዩነቱን ማየት ይቻላል። መመለሱ ካልተደረገ ሙከራው ዋጋ የለውም። ለሕፃናት ይህ ያለ ሐኪም መደረግ የለበትም፤ ወተትና እንቁላል የተከለከለ ልጅ እድገቱ ሊጎዳ ይችላል። ክብደት መቀነስ፣ ደም ያለበት ሰገራ፣ የደም ማነስ ወይም ትኩሳት ካለ ደግሞ ምግብ በመቀያየር ጊዜ ማጥፋት አይገባም።

ምግብ ከበላ በኋላ ከንፈሩ ወይም ጉሮሮው ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ምግቡን በቤቱ መልሶ መሞከር የለበትም። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው መድኃኒት በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ ለአዋቂ እስከ 0.5 ሚሊግራም ይሰጣል። የፀረ ሂስታሚን ክኒን ማሳከኩን ቢያስታግስም የታፈነ ጉሮሮን አይከፍትም፣ የወረደ የደም ግፊትንም አይመልስም። ምልክቱ ጋብ ካለ በኋላም ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ሕመምተኛው በጤና ተቋም መቆየት ይኖርበታል።