ዝናቡ የትነቱን ግማሽ የሚያልፍበት ቀን

በዝናብ ብቻ ለሚለማ ማሳ የዘር ቀንን እንደመወሰን የሚከብድ ነገር ጥቂት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ አፍሪካ ባሳተመው የግብርና ሥነ ምህዳር ቀጠናዎች ጥናት ለዚህ አንድ መለኪያ አስቀምጧል፦ የሰብል ማደጊያው ወቅት የሚጀምረው ዝናቡ የትነት ፍላጎቱን ግማሽ ሲያልፍ ነው። የትነት ፍላጎት ማለት ውሃ ባይጎድል ኖሮ አፈሩና ዕፅዋቱ በአንድነት ወደ አየር የሚለቁት የውሃ መጠን ነው። ግማሹ የተመረጠው ገና የሚበቅል ቡቃያ ከዚያ በላይ ስለማይጠይቅ ነው። ጥያቄው እንግዲህ የዝናቡና የትነቱ ግማሽ ኩርባዎች የት ይገናኛሉ የሚል ይሆናል፤ እሱን ደግሞ ማንኛውም ኤክሴል ያለው የወረዳ ባለሙያ ሊመልሰው ይችላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ዓምድ ቀኑ፣ በሁለተኛው ዝናቡ፣ በሦስተኛው የትነቱ ግማሽ ይገባል። አራተኛው ዓምድ ዝናቡ ሲቀነስ የትነቱ ግማሽ ነው። ልዩነቱ ከአሉታዊ ወደ አዎንታዊ በተለወጠባቸው ሁለት ረድፎች መካከል ኩርባዎቹ ተሻግረዋል። ለምሳሌ ያህል የግንቦት ዝናብ 40፣ የትነቱ ግማሽ 75 ሚሊሜትር፤ የሰኔው ደግሞ 90 እና 65 ነው እንበል። ልዩነቱ ከ35 ጉድለት ወደ 25 ትርፍ ያልፋል። 35ን ለድምሩ ለ60 ስናካፍል 0.58 ግድም ይመጣል። የወር ድምር የሚወክለው የወሩን አጋማሽ ስለሆነ፣ ከግንቦት 15 እስከ ሰኔ 15 ካሉት 30 ቀናት 17 ቀን ተኩል ያህል ሲያልፍ፣ ማለትም ሰኔ 2 ወይም 3 ላይ፣ መስመሮቹ ይገናኛሉ።

ብዙዎች ግን ግራፉን አይተው በዓይን ይገምታሉ፤ ይህ አይበጅም። ኤክሴል በነጥቦች መካከል የሚያለሰልሰው መስመር ለዓይን የተሠራ እንጂ ስሌት አይደለም። ትሬንድላይን (ለነጥቦቹ የሚገጠም ኩርባ) ጨምሮ እኩልታውን መውሰድም ይቻላል፤ ነገር ግን ኤክሴል ቀንን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ ነውና የዘንድሮ ቀን ከ45,000 በላይ የሆነ ቁጥር ነው። ይህ ትልቅ ቁጥር በእኩልታው ውስጥ ወደ ከፍተኛ ርቢ ሲወጣ፣ ግራፉ ላይ የሚታዩት የእኩልታው የተጠጋጉ አሃዞች መልሱን ፈጽሞ ያዛባሉ። ቀኑን ከ1 ጀምሮ መቁጠር ይሻላል።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ግን ኩርባዎቹ የሚሻገሩበት ማዕዘን ነው። በምሳሌያችን ልዩነቱ በቀን 2 ሚሊሜትር ያድጋል። ዝናብ መለኪያው በ10 ሚሊሜትር ቢሳሳት ቀኑ በ5 ቀን ይዛነፋል፤ ከግንቦት 27 እስከ ሰኔ 7 መሆን ይችላል ማለት ነው። ልዩነቱ በቀን ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ የሚያድግበት ቦታ ግን ያው ስሕተት 20 ቀን ያዛንፋል። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ነጥሎ ለገበሬው መንገር እኔ ትክክል ነው አልልም። ዝናቡን ትንሽ ጨምሮ፣ ትንሽ ቀንሶ ደግሞ ማስላትና ሁለቱን ዳር ቀናት አብሮ መስጠት ያስፈልጋል።

በልግና ክረምት በሚፈራረቁበት እንደ ወሎና ሰሜን ሸዋ ባለ አገር ደግሞ ኩርባዎቹ በዓመት አራት ጊዜ ሊሻገሩ ይችላሉ። ጎል ሲክ የተባለው የኤክሴል መሣሪያ ከመነሻው ተነሥቶ አንዱን ብቻ አግኝቶ ያቆማል፤ የልዩነቱ ዓምድ ግን ሁሉንም ያሳያል። የወር ድምር የሚሸፍነውን ደግሞ የአሥር ቀን ድምር ይገልጠዋል፦ ዝናቡ መስመሩን አልፎ፣ ለሁለት ሳምንት ጠፍቶ፣ እንደገና ሲመለስ ሦስት መገናኛዎች ይታያሉ። በመጀመሪያው የተዘራው ዘር እስከ ሦስተኛው ይቆይ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ዓምድ ይጨመራል፤ ከቀን ወደ ቀን አፈሩ ውስጥ የቀረው ውሃ።